በአንድ እጅ የሚጻፍ ቃል

«ልቧ ነው፤ ድንገት ነው» አሉ ጋሽ ጸጋው።

ነፃነት ይህን መልስ ከቀብር መልስ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። አጎቷ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እየሰበሰቡ፣ ለገባው ሁሉ ይህንኑ ይላሉ። ጠያቂው «ምን ሆና ነው? ባለፈው ደህና አይቻት ነበር እኮ» ይላል። «ልቧ ነው፤ ድንገት ነው» ይሉታል። እሱም ከንፈሩን መጥጦ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ውሸቱ እንደ ንፍሮው በሳህን እየዞረ ለሁሉም ይደርሳል፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይዘግናል።

ነፃነት ከእናቷ ከወይዘሮ የሻረግ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። በግራዋ በኩል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው። አንዲት ባልቴት መጥተው «ጠጋ በይልኝ የኔ ልጅ» ቢሏት አልተንቀሳቀሰችም። ሴቶቹ ተያዩ።

«ተዪአት እትዬ፤ ደንግጣ ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ፤ ባልቴቷም ማዶ ሄደው ተቀመጡ።

በሰርግም በበዓልም በዚያ በኩል የምትቀመጠው ታላቅ እህቷ አትጠገብ ነበረች። ምክንያት ነበረው። ሊጥላት ሲል መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጇ ነው፤ ነፃነት ከጎኗ ሆና እጁን ካየች ራሷ መሬት ከመምታቱ በፊት ትደርሳለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ሲቀመጡ ኖረው ሌላ አቀማመጥ አያውቁም።

ልቧ አልነበረም። የሚጥል በሽታ ነበር። ኮምቦልቻ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ፣ ብቻዋን በተኛችበት ጣላት። ፊቷ ትራሱ ውስጥ ነበር። ጠዋት አከራይዋ በር ቢያንኳኩ መልስ አጡ። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ነፃነትና ጋሽ ጸጋው እኩል ቆመው ሰምተዋል፤ ከሐኪም ቤቱ በር እስከ መኪናው ባለው መንገድ ላይ ግን አጎቷ «ልቧ ነው እንላለን» አሉ።

ጋሽ ጸጋው ክፉ ሰው አይደሉም። የሁለቱ እህትማማቾች አባት ሲሞት ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ግን ልጃቸው ሀኒ ታጭታለች። ሽማግሌዎች ከሐይቅ ከተማ መጥተው ቃል ተቀብለው ሄደዋል፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ይህ በሽታ ደግሞ በሰው አፍ በዘር የሚሄድ ነው። አንዲት የአጎት ልጅ ትወድቅ ነበር ከተባለ ሽማግሌ የላከ ቤት ሽማግሌውን ይመልሳል፤ እንዲህ ሲሆን አይተዋል።

ከሰዓት ድንኳኑ ሳሳ ሲል ነፃነትን ወደ ጎን ጠሯት።

«ያ የኢንተርኔት ማኅበራችሁ አሁንም አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የያዘው?»

«እሷና እኔ ነበርን።»

«እንግዲህ ባለቤቲቱ ሞታለች። ዝጊው። ሰዉ እዚያ ላይ ስሟን እያነሳ ሊያለቅስ ነው። የሙት ገመና አይገለጥም፣ ልጄ።»

«ገመና አይደለም።»

«ምን አልሽ?»

ነፃነት ድምፅዋ ለራሷም እንዳልተሰማት አወቀች። «ምንም አላልኩም፣ ጋሼ» አለች፤ ተመልሳም ቦታዋ ተቀመጠች።

*

ማኅበሩ «ጥግ» ይባላል። ነፃነት ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ስትማር ለእህቷ ብላ የሠራችው የውይይት ገጽ ነው። ሰው ስሙን ሳይናገር፣ ሳይመዘገብም፣ ስለ በሽታው ይጠይቅበታል፤ ያለፈበት ይመልስለታል። አትጠገብ ኮምቦልቻ ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት፤ ደንበኛ ሲጠፋ ገጹን ትጠብቃለች። አዲስ ሰው ሲገባ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው የምትቀበለው፦ «ጠጋ ብለናል፤ ቁጭ በይ።» ወንድ ከሆነ «ቁጭ በል» ትለዋለች። ካልታወቀ «ቁጭ በይ» ትላለች፤ «ወንድ ከሆነ ራሱ ያርመኛል» እያለች።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ወደ ሱቋ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች። ልጇ ክፍል ውስጥ እየወደቀች ስላስቸገረች ከትምህርት ቤት እንድትወጣ የሚጠይቅ ማመልከቻ ነበር። አትጠገብ አልጽፍም አለቻት። ወንበር ሰጥታ፣ ሻይ አስመጥታ፣ «በስልክሽ ፈልገሽ አታውቂም? የሚረዳሽ ሰው አለ እኮ» ብትላት ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ፈልጋለች። ደጋግማ ፈልጋለች። ያገኘችው የአስማተኛ ስልክ ቁጥርና የማይገባት የውጭ አገር ጽሑፍ ነው።

የዚያን ቀን አትጠገብ ደሴ ላለችው ለነፃነት ደወለች። «ነፂ፣ እኛ ያለነው ለማን ነው? ሰው እኮ አያገኘንም።»

ነፃነት ቅዳሜ ወረደችና ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ገጹን ፈተሹት። የውይይቶቹን ርዕስ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመሩ፦ «ሰላም ለዚህ ቤት»፣ «አሰላሙ አለይኩም ውድ ወገኖቼ»፣ «እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ»፣ «ሰላማችሁ ይብዛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር»። ሰዉ የወሎ ሰው ነው፤ ሰላም ሳይል ጉዳዩን አይናገርም። ገጹ ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር አንስቶ ርዕስ ያደርገዋል። ጉግል ቢመጣ የሚያየው ቀኑን ሙሉ ሰላምታ ሲለዋወጥ የሚውል፣ ጉዳይ የሌለው ቤት ነው።

አትጠገብ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ማሽኑ ምን ይላል? ‹እነዚህ ሰዎች ሰላምታቸውን ጨርሰው መቼ ነው የሚቀመጡት?›»

ነፃነትም ሳቀች። ቀጥሎ ግን የበሽታውን ስም ገጹ ውስጥ ፈለገችና ሳቋ ተቋረጠ። የለም ማለት ይቻላል። አባላቱ «ያ ነገር» ይሉታል፤ «እሱ» ይሉታል፤ «የማይነሳው» ይሉታል። ስሙን መጥራት እሱን መጥራት ይመስላቸዋል። በዚያ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰዉ ስለፈራ፣ ነፃነት ራሷ የፍለጋ ማሽን ወደ ገጹ እንዳይገባ በሩን ዘግታው ነበር።

አትጠገብ ቀኝ እጇን ወደ ታች ዘርግታ፣ የሌለ ሕፃን ራስ እንደያዘች አድርጋ፣ በግራዋ ስልኳን አነሳች።

«እይ። እናት ልጇ ወለል ላይ ስትንፈራገጥ አንድ እጇ የልጇን ራስ ይዟል። የምትጽፈው በሌላው ነው። በዚያ ሰዓት ‹ሰላም ለዚህ ቤት› አትልም። ‹ያ ነገር›ም አትልም። ርዕሳችን መሆን ያለበት እሷ በአንድ እጇ የምትጽፈው ቃል ነው።»

አባላቱን ጠየቁ። ግማሹ ተቆጣ። አንዱ «በሩን ከከፈታችሁት እኔ ወጣሁ» ብሎ ጻፈ። አትጠገብ ስትመልስለት ነፃነት ከጎኗ ሆና አንብባለች፦ «ወንድሜ፣ የኛን ስም እንደብቅ፤ የግል ታሪካችንም እንደተቆለፈ ይቆይ። የበሽታውን ስም ግን ለምን እንደብቅለታለን? ምን ውለታ አለበት?» ሰውየው አልወጣም። የግል ጨዋታው ተቆልፎ ቀረ፤ ጥያቄዎቹ የጠያቂያቸው ፈቃድ እየተጠየቀ በር ወደሚከፈትለት ክፍል መዛወር ጀመሩ።

ለበሩ ደግሞ አትጠገብ የራሷን ገጽ አዘጋጀች። ጽፋ ስትጨርስ በስልክ አነበበችላት። «እኔ አትጠገብ ነኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ሱቅ አለኝ፣ ኪራይ እከፍላለሁ፣ ሻይ ቅመም እወዳለሁ።» ነፃነት «ሻይ ቅመሙ ለምን ገባ?» ብትላት «የበሽታው ብቻ እንዳልሆን ነዋ» አለች።

ገጹ አልወጣም። ጋሽ ጸጋው ሰምተው «የሀኒ ሰርግ ይለፍ፣ ስለ አባትሽ ነፍስ» ብለው ለመኗት። ለሀኒ ብላ ጠበቀች።

*

በሠልስቱ ማግስት ነፃነት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ እናቷ።

«ኮምቦልቻ። ዕቃዋን ላምጣ።»

«ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስቶ ይሄዳል? ሰው ምን ይላል?»

«እንዳሻው ይበል፣ እማ» አለች ነፃነት። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ወይዘሮ የሻረግ ቀና ብለው አዩዋት፤ ሴቶቹም ሽሮ እንደገነፈለባቸው ሁሉ ዞር ዞር አሉ።

ሚኒባሱ ከደሴ ጉም ወጥቶ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮዋ ተደፈነ፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሙቀቱ ጥቁር ሹራቧን አስወለቃት። ሱቁን ከፈተች። ሁሉም እንደነበረ ነው። የጠረጴዛው ማዕዘኖች በስፖንጅ ተጠቅልለው በፕላስተር ታስረዋል። ወንበሩ ባለመደገፊያ ነው። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አለ። ደንበኛው ይህን ሁሉ እንደ ጌጥ ነበር የሚያየው፤ «አንቺማ ሱቅሽን ሳሎን አደረግሽው» ይላት ነበር። ነፃነት ስፖንጁን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የገጹ መክፈቻ ያለው በአትጠገብ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። እሱን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ጥቂት ልብስ ጨምራ ተመለሰች።

ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር ባለው ቤታቸው ጓዳ ውስጥ፣ የንፍሮ ስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሥራዋን ጀመረች። እህቷ ፈቃድ የጠየቀችባቸውና እሺ የተባሉት ጥያቄዎች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። አንድ በአንድ እየከፈተች ታነባለች። ሰላምታውን ከርዕስነት አንስታ እዚያው ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ አታጠፋውም። በርዕሱ ቦታ ሰውየው የጠየቀውን ትጽፋለች። «ሰላም ለዚህ ቤት» የነበረው «ልጅ በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት ይጠቅማል?» ሆነ። «አሰላሙ አለይኩም ውድ ወገኖቼ» የነበረው «የሚጥል በሽታ በምራቅ ይተላለፋል?» ሆነ። «ሰላማችሁ ይብዛ» የነበረው «ጠበል እየተጠመቅኩ የሚጥል በሽታ ክኒን ላቁም?» ሆነ። ከሥሩ የአትጠገብ መልስ አለ፦ «ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ክኒኑንም ዋጪ። እነሱ አልተጣሉም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው።» ነፃነት ይህን ስታነብ የእህቷን ሳቅ ስለሰማች ጥቂት አረፍ አለች፤ ዓይኗን በሻርፑ ጠርጋ ቀጠለች።

ሀኒ ሳህን ልትወስድ ገብታ አገኘቻት።

«ጉድ! ሰው በሐዘን ፀጉሩን ይነጫል፤ አንቺ ኪቦርድ ትነጫለሽ።»

ነፃነት ቀና አላለችም።

«አባዬ ዝጊው አላለሽም?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

«እያሰፋሁት ነው።»

ሀኒ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው። «ነፂ፣ እኔ አትጠገብን ጠልቼ አይደለም። ታውቂያለሽ። ግን እነዚያ ሰዎች ነገ ከሐይቅ ለልቅሶ ይመጣሉ። እስከ ሰርጉ ብቻ፣ እባክሽ።»

«እሷንም እስከ ሰርጉ ነበር ያላችኋት» አለች ነፃነት። «ጠበቀችልሽ።»

ሀኒ ሳህኑን ረስታው ወጣች።

*

ከሐይቅ የመጡት ሽማግሌዎች በማግስቱ ከረፋዱ ላይ ደረሱ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ገቡ፤ ጋሽ ጸጋው የተሻለውን ወንበር አስጠረጉላቸው። ትልቁ ሽማግሌ «ምን አገኛት?» አሉ። «ልቧ ነው፤ ድንገት ነው» ተባሉ። ከንፈር ተመጠጠ።

ወዲያው በኋላ አንዲት ሴት ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። «የአትጠገብ ቤት ይኼ ነው? ከገራዶ ነው የመጣሁ። ከሪማ እባላለሁ» አለች። ወደ ሴቶቹ አለፈችና ከጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ፎቶግራፍ ስታይ ቆመች።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት» አለች ነፃነት።

«ፊቷን አላውቀውም ነበር እኮ። ድምፅዋን ብቻ ነው የማውቀው።» ከሪማ ጎንበስ ብላ ፎቶግራፉን በቅርበት አየችው። «ልጅ ናት ለካ! እኔስ ስትመክረኝ ትልቅ ሴት መስላኝ ‹እትዬ› ስላት ነበር። አንድም ቀን አላረመችኝም፣ ወላሂ።» ከዚያ እንባዋ መጣ። ወደ ወይዘሮ የሻረግ ተጎንብሳ እጃቸውን ያዘች። «አብሽሪ እማማ። አላህ ያጽናሽ።»

ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ነበርና ትልቁ ሽማግሌ ሁሉንም ሰምተዋል። «እህቴ» አሉ በደግነት፣ «ፊቷን ሳታውቂ እንዴት ተዋወቃችሁ?»

ጋሽ ጸጋው ቀድመው መለሱ። «የፎቶ ኮፒ ደንበኛዋ ናት። በስልክ ትላላክ ነበር።»

ከሪማ ጋሽ ጸጋውን አየቻቸው። ነጭ የለበሱትን እንግዶች አየች። ሁለት ዓይነት ሰው የሚቀመጥበትን፣ የሚነገርና የማይነገር ያለበትን ቤት ታውቀዋለች፤ የራሷም ቤት እንዲሁ ነው። አንገቷን ደፋች።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ደንበኛ ነኝ።»

ነፃነት ያንን አንገት አየችው። ከገራዶ ድረስ መጥታ ያለቀሰችላትን ሰው በምን እንደምታውቃት እንኳ ሳትናገር ልትመለስ ነው። በትምህርት ቤት በክፍል ፊት ቆማ መናገር አቅቷት ነጥብ የቀረባት ልጅ፣ አሁን እግሯ ሲያነሳት ተሰማት።

«ደንበኛ አይደለችም» አለች።

ሁሉም ዞረ።

«እህቴ የሞተችው በልቧ አይደለም። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ከሪማ በዚያ ነው የምታውቃት። ብዙ ሰው በዚያ ነው የሚያውቃት።»

«ነፃነት!» አሉ ጋሽ ጸጋው። ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ይቅርታ አባቶቼ፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት፤ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰችም...»

«በልቻለሁ፣ ጋሼ» አለች ነፃነት። አልተቀመጠችም። «ጠዋት ንፍሮ በልቻለሁ።»

ከወንዶቹ በኩል አንዱ ሳል መጣበት። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ የሻረግ ከፍራሹ ላይ የተናገሩት። የበሽታውን ስም በዕድሜያቸው ጠርተውት የማያውቁት እናት፣ ዓይናቸውን ፎቶግራፉ ላይ ተክለው፣ ሙሾውን እንደ ጨዋታ ዝቅ አድርገው ጀመሩት፤

«ይጥላት ነበረ፣ ትነሣ ነበረ፣
የዛሬው ምን ነካው፣ መነሣቷ ቀረ።»

ሴቶቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ተቀበሏቸው። አንዷ ደረቷን ይዛ «ትነሣ ነበረ» አለች፤ ሌላዋ ደገመችው። አትጠገብ በልጅነቷ በውኃ መንገድ ላይ ስትወድቅ አይተው አንስተው ያሻገሯት፣ አውቀው ለዓመታት ዝም ያሉ የሠፈር ሴቶች፣ ያን ሁሉ ዓመት ያላሉትን አሁን በአንድ ላይ አሉት። ለቅሶው ከቀብሩም ቀን ይልቅ በረታ።

ከሪማ ሻሿን አስተካክላ ቀና አለች። «የኔንም ልጅ ሙንዚርን ይጥለዋል» አለች፤ ሽማግሌውን ቀጥ ብላ እያየች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኬን ስጠይቀው ዝም አለኝ። ጎረቤቴ ወደ አትጠገብ ባትመራኝ ዛሬም አፍንጫው ሥር ክብሪት እየጫርኩ ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይኸው ነው፣ አባቴ። በዚህ ነው የምንተዋወቀው።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ። ለወጉ የሚበቃ ጊዜ ተቀምጠው ተነሱ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ወጡ። የፊታቸውን መልክ ማንም አላነበበውም። ጋሽ ጸጋው ሊሸኟቸው አብረው ወጥተው ለረጅም ጊዜ አልተመለሱም። ሲመለሱ ጋቢያቸው መሬት ይጎትት ነበር። ነፃነትን አልተቆጧትም። ቦታቸውም ላይ አልቆሙም፤ ድንኳኑ በር ላይ «ምን አገኛት?» የሚለውን የሚቀበል ሰው ጠፋ። ጠያቂው ሁሉ ከዚያ ወዲህ ወደ እናቲቱ እየሄደ ጠየቀ፤ እናቲቱም ነገሩት።

ነፃነት ያንኑ ቀን ጓዳ ገብታ የእህቷን ገጽ አወጣችው። አንድ ቃል ብቻ ጨመረች፤ ከመጨረሻው ላይ፣ «ነበርኩ»። አየችውና መልሳ ሰረዘችው። እንደጻፈችው ይሁን። ከዚያ የበሩን ቁልፍ ከፈተች፤ ጉግልንም መጥተህ እይ ብላ ጥያቄ ላከች።

*

ድንኳኑ ፈርሶ፣ አግዳሚዎቹ ወደ እድሩ ተመልሰው፣ ሐዘኑ ወደ ሳሎን ገባ። ጠያቂ ግን አልተቋረጠም። ሀኒ የሰባቱ ጸሎት በተደረሰ ዕለት ስልኳን ይዛ መጣችና ነፃነት ፊት ተንበረከከች። ከዚያን ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«ጻፍኩት» አለች።

«ምኑን?»

«ስሙን። የበሽታውን። ስሟ የት ድረስ እንደተሰማ ልይ ብዬ፤ ልሰድብሽ ነበር።» ስልኩን አዞረችላት። ከላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ አትጠገብ ነበረች፦ *እኔ አትጠገብ ነኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ሱቅ አለኝ...*

ነፃነት ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሁሉንም አነበብኩት» አለች ሀኒ። «ፎቶዋ ግን አያምርም። ምን ዓይነት ፎቶ ነው የለጠፍሽላት? የመታወቂያ ነው የሚመስለው። የተሻለ አለኝ፤ በሐምሌ ዝናብ ላይ ስትስቅ የተነሳችው።»

«ላኪልኝ።»

«እልክልሻለሁ።»

«እጮኛሽ ደወለልሽ?» አለች ነፃነት።

«ደውሏል። ‹ለምን አልነገርሽኝም?› አለኝ። ‹አንተስ የቤታችሁን ሁሉ ነግረኸኛል?› አልኩት።» ሀኒ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ዝም አለ። እስካሁን ዝም እንዳለ ነው። እንግዲህ ይበለው ያሻውን።»

ላፕቶፑ ነፃነት ጭን ላይ ነበር። ድምፅ ሰጠ። ከተከፈተው ክፍል አዲስ ጥያቄ ገብቷል። ሰላምታ የለውም፤ ነጥብም የለውም፦

*ልጄ አሁን ወደቀች የሚጥል በሽታ ነው ምን ላድርግ*

ነፃነት ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም። እህቷ ስትጽፈው ያየችውን ጻፈች። «በጎኗ አስተኚያት። ከራሷ ሥር ልብስ አድርጊ። አትያዣት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታግቢ፣ ክብሪት አትጫሪ። ሰዓት እዪ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ደጋግሞ ከጣላት ወደ ሐኪም ቤት ይዘሻት ሩጪ።» ላከችው።

መልስ የለም።

ሀኒ ትከሻዋ ላይ ተጠግታ ማያውን ታያለች። ወይዘሮ የሻረግ ነገሩን ሳይጠይቁ አወቁት፤ ማንበብ ባይችሉም የሁለቱን ፊት ያነባሉ። በሩ ላይ ጠያቂዎች ጫማቸውን ሲያራግፉ ይሰማል። ነፃነት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳችም። አሁን አንዲት ሴት አንድ እጇ ባዶ እስኪሆን እየጠበቀች ነው፤ የት አገር እንዳለች እንኳ ነፃነት አታውቅም።

ድምፅ ሰጠ።

*ቆመ። ተኛች። ትተነፍሳለች*

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፦

*እናንተ ማን ናችሁ*

ነፃነት እንባዋ ስለፈሰሰ ፊደሎቹን በደንብ አላየቻቸውም። ጣቷ ግን ያውቃቸው ነበር። *ጠጋ ብለናል፤ ቁጭ በይ* ብላ ጻፈች።

በመጀመሪያው ቀን የመጡት ባልቴት በዚያው ሰዓት ገብተው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቆሙ። ቦታ ፍለጋ ዙሪያውን አዩ።

ነፃነት ላፕቶፑን ዘጋች። በሁለት እጇ ፍራሹን ተጭና ወደ ግራ ተንሸራተተች፤ እህቷ ወደምትቀመጥበት ቦታ። የራሷን የሞቀውን ቦታም ለባልቴቷ በእጇ መታ መታ አደረገችላቸው።